ሚስቴ ደግ የሆነችበት ሰሞን

ሚስቴ ከአንድ ሰኞ ጀምሮ ደግ ሆነች።

«ታዲያ ይሄ ምን ያስወራል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እናንተ አስካልን አታውቋትም። አስካል ክፉ ሴት ሆና አይደለም፤ ደግነቷን በዘመነ ውድነት እንደሚገዛ ስኳር ቆጥባ የምትሰጥ ሴት ስለሆነች ነው። ተጋብተን፣ ልጅ ወልደን፣ ልጃችንም ለአቅመ ሔዋን እስክትደርስ ድረስ ስትጠራኝ የኖረችው «አንተ ሰውዬ» እያለች ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ጫማህን ደጅ አውልቅ! የሞተር ዘይት ይዘህብኝ ገባህ!» በዚህ ጥሪ ሰላሜን አግኝቼ እኖር ነበር። ሰኞ ዕለት ግን ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ተቀበለችኝና «መጣህ የኔ ጌታ? ደከመህ?» አለች። ከኋላዬ ማን እንዳለ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም።

ሥራዬን ልንገራችሁ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ፣ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ፣ ጄኔሬተር እጠግናለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ከተማው ያዝናል፣ እኔ ቁርሴን እበላለሁ። ይህ ሥራ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር ሞተር በማስረጃ እንጂ በስሜት እንደማይጠገን ነው። ጭሱ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። አለቀ። ሰው ግን ሲናደድ ይሸጣል፣ ደስ ሲለው ይገዛል፣ ብቸኝነት ሲፈራ ያገባል። ኋላ ደግሞ «አስቤበት ነው» ይላል። እኔ እንደዚያ አይደለሁም፤ ቢያንስ እስከዚያ ሰኞ ድረስ አይደለሁም ብዬ አምን ነበር። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ይላል ያገሬ ሰው። እኔማ ስንጥሩን ካላገኘሁ ገንፎውን የማልቀምስ ሰው ነኝ።

ማክሰኞ ዶሮ ተሠራ። በዓል የለ፣ እንግዳ የለ፣ ክርስትና የለ። የታረደችውም ያቺ አስካል ከእኔ አብልጣ የምታያት እንቁላል ጣይዋ ዶሮ ነበረች። «ብላ እንጂ፣ ከሳህ እኮ» እያለች ታጎርሰኛለች። እኔ ቀበቶዬን ላላ አድርጌ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ የከሳው የት ላይ እንደሆነ ፈልጌ አጣሁት። ልጃችን ብርቱካን ማዶ ተቀምጣለች። ብርቱካን ሱዳን ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ስትቆጣ በዐረብኛ፣ ስትለምን በአማርኛ ነው። ያን ዕለት አማርኛዋ ጥርት ብሎ ነበር። «አባዬ፣ ውሃ ላምጣልህ?» አለችኝ። ውሃው አጠገቤ ነበር። ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ረቡዕ ከወትሮው ቀድሜ ወደ ቤት ሄድኩ። ሆን ብዬ ነው፤ የጠረጠረ ሰው በሰዓቱ አይገባም። እናትና ልጅ ከራኩባው ጥላ ሥር፣ አንገረብ አልጋው ላይ ተቀምጠው ይንሾካሾካሉ። እኔ ከአጥሩ ሥር ቆሜ ጫማዬን የማስር መሰልኩ።

«እንዴት አድርገን ነው የምንነግረው?» ትላለች ብርቱካን።

«እኛ አፋችንን አንከፍትም። ትልልቅ ሰዎች መጥተው ይንገሩት። እስከዚያ ይብላ፣ ልቡ ይጽና» ትላለች አስካል።

ስገባ ሁለቱም ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወሩ ጀመር።

እናንተዬ፣ እኛ ጋ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያገሬ ሰው ሞትን ለባለቤቱ እንደደረሰ አይነግርም። ይደብቀዋል። ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ሰውየው እህል እስኪቀምስ፣ አንጀቱ እስኪበረታ ድረስ ሁሉም ያውቃል፣ እሱ ብቻ አያውቅም። ከዚያ አንድ ቀን በማለዳ፣ ነጭ የለበሱ ትልልቅ ሰዎች በሩን ያንኳኳሉ። መርዶ ይባላል። በመርዶ ዋዜማ ደግሞ የሚቀልቡህ ቀለብ ከበዓል ይበልጣል።

እናቴ ሀገር ቤት፣ ከሳንጃ ወዲያ ባለች መንደር ነው የምትኖረው። ስልኳ የሚሠራው ለገበያ ሳንጃ ስትወጣ ነው፤ እሱም ኔትወርክ ከኖረ፣ ኔትወርኩም ካለ ስልኩን ከሻንጣዋ ውስጥ ካገኘችው። ያን ቀን ደወልኩ። አትገኝም። እውነቱን ለመናገር ላለፉት ወራትም ብዙ ጊዜ አትገኝም ነበር፤ ያኔ ግን «ኔትወርክ ነው» እል ነበር። አሁን ያቺው ዝምታ ማስረጃ ሆነች። ፈራሁ። ካየኋት ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ድንበሩ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል፤ እኔም «ከዝናቡ በኋላ፣ ከሰሊጥ አጨዳው በኋላ» እያልኩ ስገፋው ነበር። ሳላያት ሞታ ከሆነ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር።

ይሁን እንጂ ባለሙያ ነኝና ሐሙስ ማታ ፍተሻ አደረግሁ። ሞተር ሲያጠራጥር አንዱን ገመድ ነቅሎ ምን እንደሚሆን ማየት ነው። ራት ላይ ነገሬን ጣል አደረግሁ።

«ነገ ወደ ጋላባት ወርጄ፣ በመተማ አድርጌ እናቴን አይቻት ልምጣ ብዬ አስቤያለሁ።»

አስካል የያዘችው ጭልፋ ከእጇ ወደቀ።

«አሁን? ይሄን ሰሞንማ የትም አትሄድም!»

«ለምን?»

«መንገዱ ጥሩ አይደለም። ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት እንዳትወጣ። ጢምህንም ተላጭ።»

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? ቅዳሜ ጠዋት! ሟችም ቢሆን ከዚህ በላይ አያረጋግጥልኝም። አስካል የወደቀውን ጭልፋ አጥባ ተጨማሪ ወጥ ጨለፈችልኝ። የመርዶ ወጥ መሆኑን እያወቅሁ በላሁት፤ እያለቀስኩ በላሁት። «በርበሬው ነው» አልኳት። እሷም «አዎ፣ በርበሬው ነው» አለችና ፊቷን አዞረች። እየሣቀች እንደነበር አሁን ነው የምጠረጥረው።

ዓርብ አያ ታከለን ፍለጋ ወጣሁ። አያ ታከለ እኛ ጎንደሬዎች ገዳሪፍ ላይ ያለ እሱ የማንጠመቅ፣ የማንጋባና የማንቀበር ሽማግሌ ነው። ከሀገር ቤት የሚመጣ መርዶ ሁሉ በእሱ አፍ ነው የሚነገረው፤ በማለዳ ነጠላውን አጣፍቶ ሰፈር ውስጥ ከታየ ሰው ሁሉ ወደ ማን ቤት እንደሚታጠፍ እያየ ትንፋሹን ይይዛል። ሱጉ፣ የከተማው ገበያ መሐል አገኘሁት። እሱ ግን ከሩቅ ሲያየኝ ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብ የሚገዙበት ሱቅ ውስጥ ጥልቅ አለ። ተከትዬው ገባሁ። አበባ አበባ ያለበትን ቶብ እያገላበጠ የተመሰጠ መሰለ።

«አያ ታከለ፣ ደኅና ነዎት?»

«ደኅና፣ ደኅና፤ እግዜር ይመስገን። በርታ እንግዲህ።»

«በምን ልበርታ?»

«በሁሉም ነው እንጂ! ሰው መቼም…» አለና ቶቡን ዘርግቶ ፊቱን ሸፈነበት። «ቅዳሜ እንገናኛለን።»

ያን ቀን ሥራ ላይ የሠራሁትን ባትሰሙ ይሻላል። የአንድ ደንበኛዬ ጄኔሬተር ቤንዚን ታንክ ውስጥ ዘይት ጨመርኩለት። ሰውየው መጥቶ ሲያስነሳው ሱጉ በሙሉ ሰማያዊ ጭስ ለበሰ። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ያሉት አባቶቻችን ካቻቪቴን ስላላወቁት ነው እንጂ እሱንም ይጨምሩት ነበር።

ቅዳሜ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ተነሣሁ። ተላጭቻለሁ፤ የታጠበ ነጭ ጋቢ ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ ጠብቆኛል። ግቢው ተጠርጓል። ከጎረቤታችን ከዐም ባቢክር ቤት የተዋሱ የፕላስቲክ ወንበሮች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ዐም ባቢክር የሰፈራችን ትልቅ ሰው፣ ጡረታ የወጣ ሱዳናዊ ነው፤ በአጥር ላይ ሆኖ ሲያየኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ፈገግ አለልኝ። እሱም ያውቃል ማለት ነው። ሀገር ምድሩ ያውቃል።

ከዚያ መጡ። ሦስት ናቸው፣ ነጭ በነጭ ለብሰዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፣ አንገታቸውን ደፍተዋል። ከፊት አያ ታከለ። ቀጥሎ ሐጂ እድሪስ፤ ከሑመራ በኩል የመጣ፣ የድሮ ወዳጄ ነው። ከኋላ ደግሞ የማላውቀው ሽበታም ሰው፣ ጫማው ላይ የስደተኞች ካምፕ መንገድ አቧራ ያለበት። አስካል «ግቡ፣ ተቀመጡ» አለቻቸውና ፈጠን ብላ ወደ ጓዳ ሄደች። አልተቀመጡም። አያ ታከለ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የመጣንበት ጉዳይ ትልቅ ነውና፣ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም…»

አላስጨረስኩትም። «ወየው እናቴን!» ብዬ መሬት ላይ ተዘረጋሁ።

አሁን እንግዲህ አያ ታከለን አስቡት። ሰው ዓይኑ ፊት «እናቴን» እያለ ሲንከባለል «ቆይ፣ ለሌላ ጉዳይ ነው የመጣነው» የሚል አፍ የለውም። ልማዱ ቀደመውና «ኧረ ወየው!» ብሎ ነጠላውን አወረደ። ሐጂ እድሪስ ሁለት እጁን ዘርግቶ ፋትሃ ጀመረ። አስካል ከጓዳ ወጣች፤ እኔን አየች፣ ሽማግሎቹን አየች፤ ይዘውት የመጡት ሌላ ወሬ መስሏት «እትዬን! እትዬን!» እያለች ለአማቷ ደረቷን ደቃች። ብርቱካን «ያቡይ! ያቡይ!» እያለች በዐረብኛ ታለቅሳለች። ያ የማላውቀው ሽበታም ሰው ደግሞ ከዘራው ከእጁ ወድቆ፣ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጦ «ኣደይ፣ ኣደይ» እያለ በትግርኛ ያለቅስ ጀመር።

ገዳሪፍ ውስጥ ለለቅሶ ድንኳን ለመትከል የሚፈጀው ጊዜ እኔ አንድ ካንዴላ ፈትቼ ከምመልስበት ያንሳል። ዐም ባቢክር የሰፈሩን ጎረምሶች ጠራ፤ ብረቱ መጣ፣ ሸራው ተዘረጋ፣ ጎዳናው ተዘጋ። የሱዳን ሴቶች በሲኒያ ትሪ ፉልና ዳቦ ተሸክመው ይገባሉ። ወንዶቹ እጃቸውን እየዘረጉ «አል-በረካ ፊኩም» እያሉ ያጽናኑኛል። ማንም ምንም አይጠይቅም። ሁሉም ሌላው ያውቃል ብሎ ያለቅሳል። እኔም እያለቀስኩ፣ በጣቴ መሐል፣ ሽበታሙን ሰው እመለከት ነበር። ማን ነው? እናቴን ከየት ያውቃታል? ከእኔ በልጦ የሚያለቅስስ ለምንድን ነው? ለቅሶ ላይም ብሆን መጠርጠር አልተውኩም።

ነገሩን ያፈረሰው ዐም ባቢክር ነው። መስጊድ ሄዶ ሊያስነግር ፈልጎ መጣና አጠገቤ ተንበረከከ።

«ወንድሜ፣ አሏህ ይማራት። መቼ ነው ያረፈችው? ወሬውን ማን አመጣው?»

«እነሱን ጠይቃቸው» ብዬ ወደ አያ ታከለ አመለከትኩ።

አያ ታከለ አፍንጫውን እየጠረገ «እኛማ ከሱ ነው የሰማነው» አለ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ለቅሶ ቀስ እያለ ቆመ፤ ነዳጅ እንዳለቀበት ሞተር አንድ ሁለቴ ተንገራገጨና ጸጥ አለ። አስካል ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አነሣች።

«እናትህ ሞቱ ያለህ ማን ነው?» አለችኝ።

«እናንተ አይደላችሁ? ዶሮው! ጭልፋው! ቅዳሜ ጠዋት!»

«አንተ ሰውዬ!» አለች። ስሜ ተመለሰልኝ። «እትዬ ሐሙስ ዕለት ከሳንጃ ገበያ ራሳቸው ደውለው፣ አንተ ሥራ ላይ ሆነህ፣ አነጋግሬያቸዋለሁ። ብርቱካንን መርቀው፣ ‹ልጄ እንቢ እንዳይል ሆዱን ያዢልኝ› ብለውኛል። እነዚህ ሰዎች እኮ ልጅህን ሊለምኑ የመጡ ሽማግሎች ናቸው!»

እንግዲህ ፍረዱኝ። የሽማግሌና የመርዶ ነጋሪ አለባበስ አንድ፣ መምጫ ሰዓታቸው አንድ፣ አያ ታከለም አንድ! ያገሬ ሰው ደስታውንና ሐዘኑን በአንድ ልብስ የሚያለብስ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው?

ድንኳኑ በሣቅ ተናጋ። ዐም ባቢክር እያስተረጎመ ላልሰሙት ይነግራል፤ እነሱም «ወላሂ?» እያሉ ይስቃሉ። እናቴ በሕይወት አለች። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ግን ደስታው ብዙም አልቆየልኝ፤ ንዴቱ መጣ። ልጄን የሚለምነው ማን ነው ብዬ ስጠይቅ አንድ አንድ እያለ ወጣ። ልጁ ሶላር የሚገጥም ነው። ሶላር! ጣሪያ ላይ እየወጣ እኔን ሥራ የሚያስፈታ! ደግሞ በጦርነቱ ተፈናቅሎ ከአባቱ ጋር ካምፕ የገባ የትግራይ ልጅ ነው። ከዚያ ጦርነት ወዲህ በእኛና በእነሱ መሐል ሰላምታው እንኳ ተጠርጥሮ ነው የሚሰጠው። ሚስቴ ይህንን ስለምታውቅ ነው በዶሮ ልታለዝበኝ የፈለገችው። ሕዝብ ፊት አዋርደውኝ፣ በእናቴ አስለቅሰውኝ፣ አሁን ደግሞ ልጄን! «እንቢ» የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ብርቱካን የጓዳውን በር ይዛ ቆማ ከንፈሬን ታያለች። ፊቷ ላይ የነበረውን ፍርሃት አልረሳውም።

ያኔ ነው ሁሉም ሲስቅ አንድ ሰው አሁንም እያለቀሰ መሆኑን ያየሁት። ያ ሽበታም ሰው። የልጁ አባት፣ አቦይ ኪሮስ፣ እሱ ነው። ሽማግሌ የሚልከው ዘመድ በሰው ሀገር ስላላገኘ ራሱ ነው የመጣው። አሁንም ከመሬት አልተነሣም።

ጠረጠርኩ። ሆዴን ሊያባባ ነው አልኩ። ተነሥቼ አጠገቡ ሄጄ ቁጢጥ አልኩ።

«አቦይ ኪሮስ፣ እናቴ አልሞተችም። አልሰሙም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ። እግዚአብሔር ያቆይልህ» አለ በትግርኛ ቅላጼ።

«ታዲያ ለማን ነው የሚያለቅሱት?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሞተችው የኔ እናት ናት። በክረምት ነው። ካምፕ ውስጥ ውሃ ለመቅዳት ተሰልፌ ነበር፤ ስልክ ተደወለልኝ። ተራዬ ደርሶ ነበርና ቀዳሁና ተመለስኩ። የማለቅስበት ቦታ አልነበረኝም። ለልጄም አልነገርኩትም፤ እሷ ናት ያሳደገችው። መጀመሪያ ይሄ የጋብቻው ነገር ይለቅለት ብዬ ነው። አንተ ‹እናቴን› ስትል ግን አቃተኝ።»

እውነቱን ልንገራችሁ። ያን ሰሞን ሙሉ የተደበቀ ሞት አለ ብዬ ሳነፈንፍ ነበር። ነበረ። ቤቴ ድረስ ነጭ ለብሶ መጥቶልኝ ነበር።

ጎረምሶቹ እየሳቁ የድንኳኑን ገመድ ይፈታሉ።

«ተዉት!» ብዬ ጮህኩ። «ኸላስ፣ ተዉት! ድንኳኑ አይነቀልም!»

ዐም ባቢክርን ጠርቼ ነገርኩት። እሱም ሣቁን ዋጠና ወደ አቦይ ኪሮስ ቀረበ፣ የእናቱን ስም ጠየቀው። «ለተብርሃን» አለ። ዐም ባቢክር ስሙን እንዳይሳሳት ደጋግሞ አጠናውና ለሰዉ ነገረ። ያ ሲስቅ የነበረ ሰው ሁሉ ተመልሶ ተቀመጠ፤ እጆች ተዘረጉ፤ አያ ታከለም ያወረደውን ነጠላ መልሶ ሳያጣፋ እንደገና አለቀሰ። አሁን ለቅሶው ባለቤት አገኘ።

ልጁ ውጤቱን ሊሰማ ከሰፈሩ ራቅ ብሎ፣ ዋናው መንገድ ዳር ረክሻ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። እኔ ነኝ ሄጄ ያስገባሁት። ውሃ አጠጣሁት፣ ዳቦ አስቀመስኩት፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዕድሜ ልኬን መርዶ ስፈራ የኖርኩ ሰው ለሶላር ገጣሚ መርዶ ነገርኩ። ሲያለቅስ ያዝኩት።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነቀል አቦይ ኪሮስ ከዘራውን አንሥቶ ደጃፌ ላይ ቆመ። ነጠላውን አስተካክሎ አጣፋ። «ተቀመጡ» አልኩት። አልተቀመጠም። ጉሮሮውን ጠረገ። አስካልና ብርቱካን ከጓዳ በር ላይ ሆነው ያያሉ።

የምመልሰውን ለማሰብ ሞከርኩ። ሶላሩን፣ ካምፑን፣ ጦርነቱን በየተራ አንሥቼ ልመዝናቸው ፈለግሁ። አንዱም እጄ ላይ አልቆይ አለ። በጭንቅላቴ ይሁን በሆዴ እንደወሰንኩ ዛሬም አልለየሁትም።

«አቦይ ኪሮስ» አልኩት፣ «እኔ ለባዳ እናት ቤቴ ድንኳን አልተክልም። ይቀመጡ።»

ተቀመጠ። ብርቱካን እልል ልትል አፏን ስትከፍት እናቷ በእጇ ያዘቻት፤ ገና ከሐዘን አልተነሣንም ነበርና።